በጣሳ ስለሚሸጠው ጉልበት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን፣ በሳይንስ ክበብ አዘጋጅነት ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን በዚህ በበዓል ሳምንት ከአባሎቹ አንዱ ስለ አንድ ጠቃሚ ነገር እንዲናገር በወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ስለ ምን እንደምናገር ግን ዕጣ መጣል አላስፈለገም። በእኛ በወንዶቹ ዘንድ በዕረፍት ሰዓት የሚወራው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲሆን ሁለተኛው ጡንቻ ነው። ስለ እግር ኳሱ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አያሌ ስለ ሆኑ፣ እኔ ስለ ጡንቻው እናገራለሁ፤ ይኸውም ጡንቻ ያሳድጋል እየተባለ በትልልቅ ጣሳ ስለሚሸጠው ዱቄትና ከዱቄቱ ኋላ ተከትለው ስለሚመጡት ነገሮች ነው። በውጭ አገር ስለ ተደረገው ስናገር ዓመቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጂሙ ክፉ እንድናገር ማንም አይጠብቅ። በየሰፈሩ ብረት የሚነሣበት ቤት መከፈቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫት ከመቃም፣ ወይም ስልክ ላይ አፍጥጦ ከመዋል፣ ብረት ማንሣት በብዙ ይሻላል። ነገር ግን በብዙዎቹ ጂሞች ውስጥ ከብረቱ አጠገብ አንድ የመስታወት ቁም ሣጥን ይታያል፤ በውስጡም አንበሳ ወይም ጡንቻው እንደ ገመድ የተገመደ ፈረንጅ የተሣለባቸው ጥቁር ጣሳዎች ተደርድረዋል። ብረት ማንሣት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ልጅ በዚያ ቁም ሣጥን ፊት ሲያልፍ የሚሰማት ቃል አንዲት ናት፤ «ይህን ካልወሰድህ ድካምህ ከንቱ ነው» የምትል። እኔም ዛሬ የምመረምረው ይህችኑ ቃል ነው። እውነት ከሆነች ወላጆቻችን ከጤፉና ከዘይቱ ላይ ቀንሰው ይግዙልን፤ እውነት ካልሆነች ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንወቅ።

ለመሆኑ ጡንቻ ምንድን ነው? ሥጋ ነው። አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ገዝተን ብንመረምረው፣ ከመቶው 75 ያህሉ ውሃ፣ 20 ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ የቀረው ስብ፣ ማዕድንና ሌላ ሌላ ነው። የእኛም ጡንቻ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ሰው ከለመደው የከበደ ሸክም ባነሣ ጊዜ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ይወጠራሉ፤ ይህም መወጠር ለጡንቻው ሴሎች ትእዛዝ ይሆናል። ትእዛዙን የተቀበሉት ሴሎች ከምግብ ተፈጭቶ በደም የመጣላቸውን አሚኖ አሲድ እየቀጣጠሉ አዲስ ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ይህም ሥራ ሰውየው ብረቱን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ተኝቶም ሳለ፣ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። እንግዲህ አዛዡ ሸክሙ ነው፤ ምግቡ ጡብና ሲሚንቶ ነው። ጡብ ብቻውን ቢከመር ቤት አይሆንም። ሰውነትም ትርፍ ፕሮቲንን እንደ ጎተራ እህል ለነገ አያስቀምጠውም፤ ያቃጥለዋል ወይም ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ናይትሮጅኑንም በሽንት ያስወጣዋል።

አሁን ከሒሳብ ክፍል ጥቂት እንበደር። አንድ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ኪሎ ንጹሕ ጡንቻ ጨመረ እንበል። ይህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ግን ጨመረ እንበል። ከዚህ አንድ ኪሎ ውስጥ ፕሮቲኑ 200 ግራም ነው። 200ን ለ30 ቀን ብናካፍለው በቀን 7 ግራም አይሞላም። አንድ የዶሮ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ያ ሁሉ አዲስ ጡንቻ በሰውነቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው በቀን ከአንድ ዕንቁላል ጥቂት የሚበልጥ ፕሮቲን ብቻ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ በቀን አንድ ዕንቁላል መጨመር ይበቃልን?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡ እስከዚህ ድረስ አያደርስም። የምንበላው ፕሮቲን ሁሉ ጡንቻ አይሆንም፤ ሰውነት ለቆዳው፣ ለደሙ፣ ለጉበቱ፣ በሽታ ለሚከላከልባቸው ነገሮች ሁሉ ከዚያው ይወስዳል፤ አሮጌውንም እያፈረሰ ሁልጊዜ ይተካል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለተራ ጐልማሳ ሰው በአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም በቀን ይበቃዋል ሲሉ፣ ብረት ለሚያነሣው ከዚህ በእጥፍ ያህል ይጨምሩለታል። በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ የምርምር ማጠቃለያ 49 ጥናቶችን፣ በውስጣቸውም 1,863 ሰዎችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። የደረሰበትም ይህ ነው፤ ፕሮቲን የተጨመረላቸው ሰዎች ካልተጨመረላቸው የበለጠ ያገኙት ጡንቻ በአማካይ 300 ግራም ያህል ነው፤ የቀን ፕሮቲናቸው በኪሎ 1.6 ግራም ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ቢጨመርላቸው የረባ ለውጥ አልታየም። ያልተጨመረላቸውም ቢሆኑ ብረቱን በማንሣታቸው ብቻ ጡንቻቸው አድጓል። እንግዲህ ድካማቸው ከንቱ አልነበረም።

ይህች «ያለዚህ ከንቱ ነው» የምትል ቃል የዛሬ አይደለችም። ታሪኳን ማወቅ ስለሚያስደስት ጥቂት ልዘግይበት።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የሚባል ስመ ጥር ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረ። ሊቢግ፣ ጡንቻ ሥራ ሲሠራ ራሱን ያቃጥላል ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ብዙ የሚሠራ ሰው የተቃጠለውን ጡንቻ ለመተካት ብዙ ሥጋ መብላት ግድ በሆነበት ነበር። በ1865 በስሙ የተሰየመ ኩባንያ በለንደን ተቋቋመና ኡሩጓይ ውስጥ ፍራይ ቤንቶስ በሚባል ስፍራ ከከብት ሥጋ እየተቀቀለ የሚወጣ ወፍራም ጭማቂ ያመርት ጀመር። አንድ ኪሎ ጭማቂ ለማግኘት 30 ኪሎ ያህል ሥጋ ይፈጅ ነበር። ገዢውም የ30 ኪሎ ሥጋ ጉልበት በአንድ ማሰሮ የገባለት መሰለው። ነገር ግን ኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ጭማቂው የሥጋውን ጣዕምና ጨው ይዞ ፕሮቲኑን ከሞላ ጐደል በተቀቀለው ሥጋ ውስጥ ትቶት መውጣቱ ታወቀ። ወጥ ማጣፈጫ ሆኖ ግን እስከ ብዙ ዘመን ተሸጧል፤ ለዚህስ ይበጅ ነበር።

በዚያው በ1865 ዓመት በነሐሴ ወር፣ አዶልፍ ፊክና ዮሐነስ ቪስሊሴኑስ የተባሉ ሁለት መምህራን የሊቢግን ትምህርት በራሳቸው እግር ሊፈትኑ ተነሡ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ፋውልሆርን የሚባል ተራራ አለ፤ ጫፉ ሰዎቹ ከተነሡበት ሐይቅ 1,956 ሜትር ከፍ ይላል። ከመውጣታቸው በፊት ካለው ቀን ቀትር ጀምረው ፕሮቲን ያለበት ምግብ ከቶ አልቀመሱም፤ የበሉት ከስታርችና ከስኳር በስብ የተጠበሰ ቂጣ ነበር። ሽንታቸውንም እያጠራቀሙ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ለኩ፤ ፕሮቲን ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በሽንት ስለሚወጣ፣ ስንት ፕሮቲን እንደ ተቃጠለ በዚህ ይታወቃል። እያንዳንዳቸው ያቃጠሉት 37 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። ፊክ 66 ኪሎ ይመዝን ነበር። 66 ኪሎ ሰው 1,956 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ ሲታሰብ፣ ያ 37 ግራም ፕሮቲን ሙሉ ኀይሉን ቢሰጥ እንኳ ግማሹን ያህል ብቻ የሚሸፍን ነው። የቀረው ከየት መጣ? ከስታርቹና ከስቡ መጣ። ሁለቱ መምህራን ተራራውን የወጡት በቂጣ ነው።

ይህን ነገር ያነሣሁት ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። የጡንቻ መገንቢያና የጡንቻ ማገዶ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። በእኛም አገር ይኸው ይታያል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት፣ በከፍተኛ ስፍራ የሚለማመዱ 10 ምርጥ የኢትዮጵያ የረዥም ርቀት ሯጮች በሰባት ቀን ውስጥ የበሉትን ሁሉ እየመዘነ መዝግቦ ነበር። ካገኙት ኀይል ከመቶው 64 ያህሉ የመጣው ኀይል ሰጪ ከምንላቸው ከእህሉ፣ ከእንጀራውና ከመሳሰሉት ነው፤ ከፕሮቲን የመጣው 12 ያህል ብቻ ነው። አያቶቻችን ለመንገደኛ ስንቅ በሶ ይቋጥሩለት የነበረው እንዲያው በዘፈቀደ አልነበረም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ቶሎም ጉልበት ይሆናል።

ወደ ጣሳው እንመለስ። በጣሳው ላይ በፈረንጅ አፍ የተጻፈው «ዌይ» የሚለው ቃል ምን እንደ ሆነ ከጠየቅኋቸው ጓደኞቼ መካከል የመለሰልኝ አልነበረም። ዌይ ማለት አጓት ነው። አዎን፤ ያ ዐይቡ ከወጣ በኋላ በድስቱ የሚቀረው፣ ገጠር ያደጉት ወላጆቻችን ለጥጃና ለውሻ ሲሰጥ ያዩት አጓት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ያሉ አይብ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ለአሳማ ይሰጡት፣ ወይም ወንዝ ውስጥ ይደፉት ነበር፤ መድፊያውም አስቸግሯቸው ነበር። ኋላ ግን በረቂቅ ማጣሪያ ፕሮቲኑን ከውሃው ለይቶ የማድረቅ ዘዴ ሲስፋፋ፣ የሚደፋው ነገር የሚሸጥ ነገር ሆነ። በዚህ አልቀልድም፤ ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። በአንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 10 ግራም ስለማይሞላ፣ አንድ ጣሳ ለመሙላት ብዙ መቶ ሊትር አጓት ማጣራት ያስፈልጋል። የእኛን የቤቱን አጓት ግን ለዚህ ብላችሁ እንዳትጠጡ፤ እናቶቻችን አሬራውን በእሳት ስለሚያሞቁት ከፕሮቲኑ ብዙው ከዐይቡ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ቁም ነገሩ ዐይቡ ላይ ነው።

እንግዲህ የአጓት ዱቄት ጥሩ ፕሮቲን ነውን? በውነቱ ጥሩ ነው፤ ወተት ጥሩ ስለ ሆነ። መርዝ ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ጥያቄው ዋጋው ነው። የተለመደው ትልቁ ጣሳ 2.27 ኪሎ ሲሆን፣ ዱቄቱ በውነት በላዩ እንደ ተጻፈው ከሆነ 1.8 ኪሎ ያህል ፕሮቲን ይገኝበታል። ምስር በ100 ግራሙ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስለዚህ በዚያ ጣሳ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሰባት ኪሎ ተኩል ምስር ውስጥ ይገኛል። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እኔ ቁጥር አልጠራም፤ የጣሳውን ዋጋ ከጂሙ፣ የምስሩን ዋጋ ከእህል በረንዳ ጠይቃችሁ አነጻጽሩ። ምስሩ ደግሞ ከፕሮቲኑ ሌላ ብረት፣ ኀይል ሰጪና አሰር ይዞ ነው የሚመጣው።

«በጾም ጊዜስ?» ብለው ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። የሁዳዴ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል የለም። አንዳንዱ ልጅ በጾም ወራት ዱቄቱ ይተካልኛል ብሎ ይገዛል፤ አጓት የወተት መሆኑን ሳያውቅ መግዛቱ ነው። እስኪ አንድ 55 ኪሎ የሚመዝን፣ ብረት የሚያነሣ ልጅ በጾም ቀን ምን ሊያገኝ እንደሚችል እንደምር። በኪሎ 1.6 ግራም ብንል 88 ግራም ያስፈልገዋል። በቀን የሚበላው እንጀራ 300 ግራም የጤፍ ዱቄት ቢሆን 39 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጠዋል። ከ80 ግራም የሽሮ ዱቄት 16፣ ከ80 ግራም ምስር 19፣ ከ50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10፣ ከአንድ እፍኝ ለውዝ ደግሞ 7 ግራም ያገኛል። ድምሩ 91 ነው። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ከእንስሳው ይልቅ ጥቂት ለመፈጨት ያስቸግራል፤ ቢሆንም እንጀራውና ሽሮው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ጥራጥሬ ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ ላይሲን ያንሰዋል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ሳያውቅ አስተካክሎታል። በሮመዳን የሚጾሙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ሌሊቱን በሚበሉት ያንኑ ድምር ሊያገኙ ይችላሉ፤ ከልምምዱ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠጣህ አለቀ የሚባለው ነገር ለመሸጫ ይበጃል እንጂ፣ ዋናው የቀኑ ድምር ነው።

እዚህ ላይ የአንድ የክፍል ጓደኛዬን ነገር ልናገር፤ ስሙን ካልጠራሁ እንድናገር ፈቅዶልኛል። እናቱ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ያሳድጉታል። ባለፈው ዓመት ለደንብ ልብስና ለደብተር የሰጡትን ገንዘብ በአንድ ጂም ውስጥ አሠልጣኙ «ምርጡ ይህ ነው» ላለው ጣሳ አዋለው። በጣሳው ላይ «ምግብ ይተካል» የሚል ነገር የተጻፈ መስሎት ምሳውን ተወ፤ በምሳው ፈንታ አንድ ማንኪያ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። አንድ ማንኪያው 24 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ኀይሉ ግን ከአንድ እንጀራ ያነሰ ነው። በወሩ ቢመዘን ሁለት ኪሎ ቀንሶ ተገኘ። ማገዶ ያጣ ሰውነት ጡቡን ራሱን ያነድደዋልና። እናቱም ልጄ ከሳ ብለው ሲጨነቁ አሠልጣኙ የሰጠው ምክር ምን ይመስላችኋል? ክብደት የሚጨምር ሌላ ጣሳ እንዲገዛ ነበር። ልጁ ግን ምሳውን መብላት ጀመረ፤ አሁን ደኅና ነው፤ በዚህም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይስቃል።

ከሚሸጡት ነገሮች መካከል በውነት የሚሠራ የለም ወይ ብትሉ፣ አለ። ክሬአቲን የሚባለው አንዱ ነው። ፈረንሳዊው ሼቭረል በ1832 ከሥጋ ውስጥ አወጣው፤ ስሙንም ከግሪክኛው «ሥጋ» ከሚለው ቃል ሰጠው። የራሳችን ሰውነት በየቀኑ አንድ ግራም ያህል ይሠራዋል፤ በአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ውስጥም ከ4 እስከ 5 ግራም ይገኛል። በ1992 የታተመ ጥናት፣ ሰው ክሬአቲን ሲወስድ በጡንቻው ውስጥ ያለው መጠን እንደሚጨምር አሳየ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ብዙ ፈተናዎች፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወስድ ጐልማሳ ከባድ ነገር አንድ ሁለት ጊዜ አብልጦ ለማንሣት ወይም አጭር ሩጫ ደጋግሞ ለመሮጥ ጥቂት እንደሚረዳው ታውቋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጨምረው ክብደት ግን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ በመስታወት ፊት ቆሞ የሚደሰት ሰው የሚደሰተው በውሃ ነው። ለረዥም ርቀት ሯጭ ደግሞ ያ ውሃ ተሸክሞት የሚሮጠው ዕቃ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ካፌይን ነው። ስለ ካፌይን የቡና አገር ልጆችን ማስተማር ያሳፍራል። ለስፖርተኛ እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ እስከ 2004 መጀመሪያ ድረስም ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት የተገኘበት ስፖርተኛ ይቀጣ ነበር። ከልምምድ በፊት እየተባለ የሚሸጠው ደማቅ ቀለም ያለው ዱቄት ዋናው ነገሩ ይኸው ነው፤ በአንድ ማንኪያ 200 ወይም 300 ሚሊግራም፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይገባበታል። ማታ በ12 ሰዓት የጠጣው ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ዐይኑ ይፈጣል፤ ጡንቻው የሚሠራበትን እንቅልፍ አጥቶ ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ነጠላ አሚኖ አሲዱን፣ ስብ አቅላጩን፣ የወንድነት ማበርቻ የሚባለውን፣ እያንዳንዱን ባነሣ መሽቶ ስለሚነጋ አልፈዋለሁ፤ ለዋጋቸው የሚበቃ ማስረጃ የላቸውም።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ገንዘብ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ስለ ጤናና ስለ ስም ነው።

በአሜሪካ በ1994 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የምግብ ማሟያ የሚባለው ነገር እንደ መድኃኒት አስቀድሞ ተመርምሮ ፈቃድ ሳያገኝ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። ጉዳት ማድረሱ የሚታወቀው ከተሸጠ በኋላ ነው። ኤፌድራ ከሚባል ተክል የሚወጣው ክብደት ቀናሽ እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ተሸጠ፤ በ2003 የካቲት አንድ የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች በልምምድ ላይ ሳለ ሙቀት ገድሎት ሞተ፤ ይህንኑ ማሟያ ይወስድ እንደ ነበረም ታወቀ፤ በ2004 ሽያጩ ተከለከለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጀርመን በኮሎኝ ከተማ ያለው የስፖርት ምርመራ ላቦራቶሪ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ማሟያዎችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 94ቱ፣ ማለት ከመቶው 15 ያህሉ፣ በመለያ ወረቀታቸው ላይ ያልተጻፈ፣ ወደ ወንድ ሆርሞንነት የሚለወጥ ቅመም ተገኘባቸው። ሻጩ ሆነ ብሎ የጨመረበት ይኖራል፤ በአንድ ማሽን ትናንት ሆርሞን ዛሬ ዱቄት በማሸጉ የተቀላቀለበትም ይኖራል። ለገዢው ልዩነት የለውም።

ለምን ይጨምሩበታል? ስለሚሠራ ነው። የወንድ ሆርሞንና በእሱ አምሳል የተሠሩት ስቴሮይዶች ጡንቻ ያሳድጋሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። በአጥንቶቻችን ጫፍ ቁመታችን የሚጨምርበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ሆርሞኑ ሲበዛበት ያለ ጊዜው ይዘጋል፤ ከተዘጋም አይከፈትም። ልጁ በትከሻው ሰፍቶ በቁመቱ አጥሮ ይቀራል። ከውጭ የገባለት ሆርሞን ስለ በዛ የራሱ የዘር ፍሬ ሥራውን ይተዋል፣ ይሟሽሻልም፤ ጡት የሚያወጣም አለ፤ ፊቱ በብጉር ይሞላል፤ በክኒን የሚዋጠው ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። እንዲህ ያለው መርፌ «ቫይታሚን ነው» ተብሎ ሲቀርብ፣ ቫይታሚን ለጤነኛ ልጅ በጂም ውስጥ በመርፌ የሚሰጥበት ምክንያት እንደሌለ ዕወቁ።

ስለ ስም ያልሁት ደግሞ ይህ ነው። ከመካከላችን ለክልልና ለብሔራዊ ውድድር የሚታጩ ሯጮች አሉ። የዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ፣ በስፖርተኛው ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነው ይላል። «በዱቄቱ ውስጥ መኖሩን አላወቅሁም» ማለት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችል ይሆናል እንጂ፣ ያሸነፈበትን ውጤት አይመልስለትም፤ ቅጣቱም እስከ አራት ዓመት ይደርሳል። ለ18 ዓመት ሯጭ አራት ዓመት ምን ማለት እንደ ሆነ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። በ2016 መጋቢት ወር የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በምርመራ ሥርዓታቸው ድክመት አሳስበውኛል ብሎ ከጠራቸው አምስት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት በአገራችን ተቋቁሞ ሥራውን ይሠራል። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በየጂሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ጣሳ ሁሉ ከፍቶ ሊያይ አይችልም።

ለሴቶች ልጆች አንድ ቃል አለኝ፤ ስለ ጡንቻ ሲወራ እነሱ ስለሚረሱ ነው። ማሟያ በውነት ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ብረት የጎደላት ሯጭ አንዷ ናት። በወር አበባ ደም የሚፈስሳት፣ ሥጋም እምብዛም የማትበላ፣ በየጠዋቱ የምትሮጥ ልጅ ትንፋሽ ቢያጥራትና ቶሎ ቶሎ ቢደክማት፣ ሰነፍ ሆና ሳይሆን ደሟ ብረት አንሶት ሊሆን ይችላል። ይህ በጤና ጣቢያ በደም ምርመራ ይታወቃል። ሐኪም ያዘዘው የብረት ክኒን ከዚያ ሁሉ ጣሳ ይልቅ ሊያስሮጣት ይችላል፤ ሳይመረመሩ መውሰድ ግን ትርፍ ብረት ስለሚጎዳ ደግ አይደለም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ጣሳ ይዞ ቢመጣ አትቈጡት። ስንት ምግብ በቀን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ማን እንደ ሸጠለት ጠይቁት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የሚወሰደውን ነገር ለልጆችና ለወጣቶች አይመክርም፤ ክሬአቲኑንም ቢሆን በዚህ ዕድሜ ለረዥም ጊዜ የሚወስዱት ምን እንደሚሆኑ በበቂ አልተጠናም። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይበላ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ደግሞ ከብረቱ በፊት ቁርስ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የምለው ቁርስ በየቤቱ በእኩል እንደማይገኝ ሳልዘነጋ ነው። የትምህርት ቤታችን አስተዳደር በምሳ ሰዓት የሽምብራ ቆሎና በሶ በርካሽ የሚሸጥበት ቦታ እንዲሰጠን ክበባችን አመልክቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

በመጨረሻ የማስታውቀው አለኝ። በመጪው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ክፍት ይሆናል። መምህራችን ባሉበት የባይዩሬት ምርመራ እናደርጋለን፤ ፕሮቲን ያለበት ነገር ሲገባበት ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ጣሳ ያለው ከጣሳው አንድ ማንኪያ፣ ሽሮ ያለው ከሽሮው አንድ ማንኪያ፣ ምስርም በሶም ያለው እንዲሁ ይዞ ይምጣ። ጎን ለጎን አድርገን እናያቸዋለን። በጣሳው ውስጥ የተደበቀ ሌላ ነገር ቢኖር ግን የእኛ ብልቃጥ አይነግረንም፤ እሱን የሚያገኙት እንደ ኮሎኙ ያሉት ላቦራቶሪዎች ናቸው።